ከመስታወቱ በር ወዲያ

ይድረስ ለልጄ ለሰራዊት። ያለህበት አገር ሰው ይውደድህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ቤቱ አለቀልን። በያጁ ሙላው በላክኸው ፎቶ መሠረት በሩንም መስኮቱንም በብረትና በመስታወት ሠራው። የአባትህን የዋንዛ በር ግን አልጣልኩትም፣ ጓሮ አስደግፌዋለሁ። መስታወቱ ቀን ቀን ከውጭ ለሚያይ የገዛ ፊቱን ነው የሚያሳየው። “ቤቶች” ብሎ የመጣ ሁሉ ራሱን ሰላም ብሎ ይስቃል።

ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ ያቺ አማርኛዋ ወንድና ሴት የማይለየው ጎረቤታችን ዓፊያ ደጃችን ቆማለች። “ውስጥ ሴትዮ አለ። አየኝ፣ አልከፈተም” አለችኝ።

የራስሽ መልክ ነው ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ግን ከራሷ እስከ እግሯ የተጠቀለለችበትን ባለ ቀለም ቶብ ይዛ አሳየችኝ።

“እኔ ቶብ ነው። እሱ ነጠላ ለብሷል፤ ዘቅዝቋል፣ እንደ ለቅሶ።”

ቁልፉ በእጄ ነበር። ከፍቼ ስገባ ማንም የለም። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዬ እንዳጠፍኩት አልጋዬ ላይ ነው፤ ጫፉ ግን እንባ የጠረጉበት ይመስል ርሷል።

ልጄ፣ ሟርት አልወድም። ስልክህ ካልተነሳ ግን ሁለት ሳምንት ሆነው፤ በወረቀት የመጣሁብህም ለዚሁ ነው። እመብርሃን ከፊት ከኋላህ ትሁን። ይህ ሲደርስህ ድምፅህን ብቻ አሰማኝ። እስከዚያ ያንን ነጠላ አልለብሰውም።

እናትህ ብዙወርቅ፣ ከአሶሳ