ስለ ላክኸው ሽቶና ስለ አባትህ አፍንጫ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ክረምቱን ሁሉ ሲያስነጥስህ የነበረው ብርድ ለቀቀህ ወይስ አሁንም መሐረብ ከእጅህ አልተለየም? ሚስትህ ደኅና ናት? ትንሿ ልጅህስ ጥርስ አወጣች? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። አባትህም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሠራል። «ደኅና ነው» ብዬ ልጽፍልህ ስል ግን ብዕሩ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ፤ እንደ ልማድህ ሳትዘልል በቅደም ተከተል አንብበው። ልቤ ተንጠልጥሎ ስለምጽፍ ፊደሌ ተንጋድዶ ብታየው አትታዘበኝ።

በመጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። ሹፌሩ ጓደኛህ ሽቶውን ከነማሸጊያው ሳይሰበር አድርሶልናል። የምትሠራበት የሽቶ ሱቅ ባለቤት፣ ዕድሜው የገፋ ወንድ በየቀኑ ቢቀባው እንዴት ይሆናል ብሎ እንደጠየቀህ፣ አንተም «እማዬ፣ አንቺ ሰው አታሞግሺምና እውነቱን ጻፊልኝ» እንዳልኸኝ አንብቤያለሁ። ምስጋና ይሁን ስድብ ባይገባኝም ሥራውን ተቀብያለሁ።

ጠርሙሱ ጥሩ ነው፤ ወፍራም፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ እጅ ላይ የሚረጋ። ክዳኑ ግን ልል ነው። በክዳኑ ይዞ የሚያነሣው ሰው ጠርሙሱን መሬት ላይ ያገኘዋል፤ ይህን ለባለሱቁ ንገረው። ስሙን በወርቃማ ፊደል ማግዘፋቸውም ጉራ ነው፤ ሽቶ ከሆነ መዓዛው ይናገርለት። ስትረጨው ቀድሞ የሚመጣው የሎሚ ልጣጭ ነው፤ ጭማቂው ሳይሆን ልጣጩ፣ በጥፍር ሲቆነጥጡት ዓይን ውስጥ የሚገባው። ከኋላው ብርቱካን አለ፤ እሱም ምሬቱ ያልለቀቀው። በቀዝቃዛ ውኃ ፊቱን እንደ ታጠበ ሰው ያነቃል። ሎሚው ብዙ አይቆይም፤ ጨዋ እንግዳ ነው፣ ሰላም ብሎ ይወጣል። ከዚያ እንጨቱ ይመጣል፤ አሁን በመላጊያ የተላገ ደረቅ ጥድ፣ ትንሽ ሰንደል፣ ከሥሩም ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ነገር። አለመጣፈጡ ትልቁ ምስጋናው ነው። የዛሬ ወንዶች ሽቶ ሁሉ ከረሜላ ፋብሪካ የዋሉ ያስመስላቸዋል፤ ይኸኛው ግን ታጥቦ በተተኮሰ ሸሚዝ ላይ ልኩን ያውቃል፣ ሰው አያፍንም፣ «ዞር በሉልኝ» አይልም። ለሥራ፣ ለመንገድ፣ በሽተኛ ለመጠየቅም ይሆናል። ልብስ ላይ እስከ ማታ ይቆያል፤ ቆዳ ላይ ከምሳ በኋላ ይደክማል። ይህን በራሴ ሻርፕና በራሴ ክንድ ላይ ፈትኜ ነው የምነግርህ። ለዘወትር ይሆናል ወይ ላልኸኝ፣ ይሆናል። አንድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከረጨው።

መጀመሪያ የጻፍሁልህ ደብዳቤ ግን እንዲህ አይልም ነበር። «ጉልበት የለውም፣ አይቆይም፣ ገንዘብ ማባከን ነው» ይል ነበር። ቀድጄ ጣልሁት። ያን የጻፍሁት አባትህን አምኜ ነው።

ሽቶው የደረሰ ዕለት አባትህ ወደ ኋላው ክፍል፣ ወደ መሥሪያው ይዞት ገባ። አንገቱ ላይ ረጨ፣ እጁ ላይ ረጨ፣ አሸተተና «ውኃ ነው፤ ልጁን አታልለውታል» አለኝ። ሎሚውስ ብለው፣ የታለ ሎሚ አለ። እንጨቱስ ብለው ሳቀብኝ፤ «ዕድሜ ልኬን እንጨት የላግሁት እኔ፣ እንጨት የምታሳዪኝ አንቺ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጥዱን ከዋንዛ በጠረኑ የሚለይ ሰው ነው። እኔም አፍሬ አመንሁት። ከዚያ በኋላ ቁርስ በልቶ ይረጫል፣ ሊወጣ ሲል ይረጫል፣ ተመልሶ ኮቱን ሲሰቅል ይረጫል። ጠርሙሱ ሲጎድል ዓይኔ እያየ ነው።

ሰፈሩ ሳቀብን። መንገድ ጥግ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ባለመቀሱ የምንለው፣ «አባባ፣ ሙሽራዋ ማን ናት? እማማስ ያውቃሉ?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ፣ «እርስዎ በደጄ ባለፉ ቁጥር የእኔ ሽቶ ሥራ ይፈታል፤ ኪራይ ያግዙኝ» አለው። ታክሲ ውስጥማ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት መስኮት ከፍታ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። አባትህ የታመመች መስሎት «ኧረ ለዚች ልጅ ውኃ የያዘ ሰው የለም?» ብሎ ተሳፋሪውን አስቸገረ። እኔ አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። እኔን ለማብሸቅ የሚያደርገው መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ አንድ ነገር ልብ ማለት ነበረብኝ፤ በዚያው ሰሞን መሽተት የጀመረ ወተት ሰጥቼው ጥርግ አድርጎ ጠጥቶ «ጎሽ» ብሎኛል። ከተበላሸው ዕቃ እንደ ቀዳሁለት ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ሆዴ እንዳይከፋ ብሎ የቻለው መሰለኝ። አባትህ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ ያለ ይሉኝታ ያወቀው?

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልግባ።

ባለፈው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ልብስ አስጥቼ ስመለስ፣ ምሳ ቀርቧል ልለው የኋላውን ክፍል ከፈትሁ። ጠረኑ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ቲነር ነው፤ አባትህ ቫርኒሽ የሚያቀጥንበት፣ አንተ ልጅ ሳለህ «ራሴን አዞረኝ» እያልህ የምትሸሸው። ጣሳው ከጠረጴዛው ሥር ተገልብጦ ፍቅፋቂውንና ሰጋቱራውን ሁሉ አርሶታል። አባትህ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዱካው ላይ ተቀምጧል። የሰፈራችን ፋርማሲስት እንዲጠግንላት የሰጠችውን ወንበር እግር ሊያጣብቅ የሙጫውን ጣሳ ትንሿ ምድጃ ላይ ጥዶ፣ ክብሪቱን ከቀፎው አውጥቶ በጣቱ ይዟል። ልጄ፣ እንዴት እንደ ደረስሁ አላውቅም፤ እጁን ከነክብሪቱ ጨብጬ ያዝሁት። «ምን ሆነሻል አንቺ ሴት!» ብሎ ተቆጣ። ቲነሩ አልሁት። የምን ቲነር አለኝ። ወደ እግሩ አሳየሁት። ጫማው ርሷል። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ፊት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ በሚያውቀው ሰፈር መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር።

በርና መስኮቱን ከፍተን፣ አሸዋ በትነን፣ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ማን ይብላው። በኋላ ተነሥቼ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ሳሙናና ያንተን ሽቶ አመጣሁ። እንደ ሕፃን ዓይኑን አስጨፍኜ አንድ በአንድ አስሸተትሁት። ሽንኩርቱን «ምንም» አለ። አቼቶውን «ሳሙና» አለ። ሽቶው ጋ ስደርስ ዓይኑን ገለጠና «ተይው በቃ፤ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ነው» አለኝ። እንጨቱን አሁን የሚለየው በክብደቱና በመስመሩ ነው አለ። ለምን ደበቅኸኝ ብለው፣ «ብነግርሽ በየነገሩ ታርሚኛለሽ ብዬ ነዋ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። እንግዲያ ሽቶውን ለምን ትደጋግመዋለህ አልሁት። ልጁ ኃይለኛ ነገር ልኮልኛል፣ ስረጨው ስረጨው አንዱ ቀን ዘልቆ ይገባልኝ ይሆናል ብዬ ነው አለኝ።

እየጎተትሁ ክሊኒክ ወሰድሁት። ሐኪሟ የአንተ ታናሽ ትሆናለች፤ ነገር ግን ጨዋ ናት፣ ነገሯንም ትጨርሳለች። አፍንጫውን በመብራት አየችው። ካለፈ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፣ ስንት ዘመን ከተነፈሰው የእንጨት ብናኝና ቫርኒሽም ሊሆን ይችላል አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጭንቅላት ውስጥ የሚጀምር ነገር በዚህ በኩል ቀድሞ ይታያል፤ ነው አላልሁም፣ መታየት አለበት አለች። ዕለቱ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ በትክክል መለሰ። ጥቂት ቃላት ነግራው፣ ቆይታ ድገምልኝ አለችው። አንዷ ጠፋችበት። ወደ እኔ ዞሮ እንደ ተማሪ በዓይኑ «ሹክ በዪኝ» አለኝ። ሐኪሟ ሳቀች። የጭንቅላት ምስል እንዲነሣ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ትልቁ ሆስፒታል ቀጠሮ ይዛልናለች። ውጭ እንደ ወጣን፣ «አፍንጫዬን ብል ጭንቅላቴን! ነገ እግሬን ቢያመኝ ምላሴን አውጣ ሊሉኝ ነው። የትም አልሄድም!» ብሎ ቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ሰው አይደለሁም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲፈልግ ድሮ እስቅ ነበር፤ አሁን ልቤ ስንጥቅ ይላል። ትናንት መላጊያውን «ያን… ያን ነገር አቀብዪኝ» ሲለኝ አቀብዬው ወደ ማድቤት ሄድሁና የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ ቆምሁ። ሽማግሌ ሁሉ ቃል ይጠፋበታል፤ እኔም ይጠፋብኛል፤ አውቃለሁ። ማወቅ ግን ፍርሃትን አያስታግስም። ክብሪቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። በየጥጉ እያነፈነፍሁ እውላለሁ። በዚህ ቤት ለሁለት ሰው የቀረው አፍንጫ አንድ ነው፤ እሱንም ጉንፋን እንዳይዘጋው ብዬ በዚህ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሜ ስሄድ ባለመቀሱ «እማማ፣ በረዶ ሊጥል ነው?» ይለኛል። የምፈራው ግን እሳቱን ብቻ አይደለም። አንድ ቀን በር ስከፍት አባትህ ያንኑ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ይዞ ዞሮ፣ እኔን ማን ነሽ እንዳይለኝ ነው የምፈራው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። አንተንም ላስፈራህ ብዬ አይደለም፤ ብቻዬን ስይዘው ከበደኝ።

ለልጁ እንዳትነግሪ፣ በሰው አገር ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብሎኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬ ነበር። ቃሌን አፍርሻለሁ። ሹፌሩ ነገ ጧት ስለሚመለስ ደብዳቤው ከሐሙስ በፊት እጅህ ይገባል። አትምጣ፤ ደውልለት። እንደ እኔ አትቆጣው። አትለምነው፤ ስትለምነው ይኮራል። ውጤቱን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም በለው። የእኔን ነገር ከጆሮው አያስገባም፤ ያንተን ይሰማል።

እዚህ ላይ ስደርስ አባትህ ከኋላው ክፍል መጥቶ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ለልጁ ነው ወይ አለኝ፤ አዎ አልሁት። ስለ ሽቶው ነው አለኝ፤ ስለ ሽቶውም አልሁት። ገባው። ይጮህብኛል ብዬ ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንሁ። እሱ ግን ጉልበቱ ላይ ያለውን ሰጋቱራ ቀስ ብሎ አራገፈና፣ ሐሙስ ነው ያለችው ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ ነው አልሁት። ቆይቶ፣ ያ መሣሪያ ውስጥ ብቻዬን ነው የሚያስገቡኝ አለ። ይመስለኛል አልሁት። «በሩ ጋ ትቆሚያለሽ? እንዳትርቂ» አለኝ። ልጄ፣ ከተጋባን ጀምሮ አባትህ ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ አሁንም ፈራሁ አላለም። እቆማለሁ አልሁት። እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እኔም እጄን ከላይ አደረግሁበት። ይህን መስመር የምጽፍልህ አንድ እጄ እሱ እጅ ላይ ሆኖ፣ ወረቀቱን ሳልይዝ ነውና መንጋደዱን ይቅር በለኝ።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል በልልኝ። ትንሿን ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ። አብረዋችሁ ለሚኖሩት አማትህ እንደ እህቴ አድርጌ እጅ ነሥቻለሁ፤ ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው? ለባለሱቁም ክዳኑን እንዳትረሳ። እኅትህ ደኅና ናት፤ ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አብራን ትሄዳለች፣ እስካሁን ግን የምታውቀው አፍንጫውን ብቻ ነው፤ አንተም እንዳታስደነግጣት። አባትህ «ሰላም በዪልኝ» ብሏል፤ ሌላ ነገር ልጨምርልህ ወይ ብለው፣ ሲደውል እኔው እነግረዋለሁ አለኝ።

የምትወድህ እናትህ

ከቤታችን፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ
ጥቅምት ፲፩ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ