አንደኛ የወጣው ጨዋማ ብስኩት

ጥቅምት 4
ዛሬም ትሪ ሳጥብ ዋልኩ። ብስኩት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ብስኩት ሲበላ የሚውል ይመስላቸዋል... ለእኔ የሚደርሰኝ አረፋው ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን ፎቅ ላይ፣ ጥራት ክፍል፣ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቷል። ፕሮፌሰሩ ነው የምለው። ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም፤ "እናያለን" ብለውታል። እማዬ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ፋብሪካውን ይመራል" ትላለች። ስለ እኔ ምን እንደምትል? አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 7
ነገ ቅምሻ አለ። አምስት አዲስ ብስኩት፣ አምስት ቀማሽ፣ ነጥብ ከአሥር። አንደኛ የወጣው ገበያ ይወጣል።
ፕሮፌሰሩ እራት ላይ ማንም ሳይጠይቀው አስረዳን። ዘበኛው ሆደ ቡቡ ነው፣ ለሁሉም ዘጠኝ ይሰጣል። ቋጠሮ የምንለው የግዢ ክፍሉ ንፉግ ደግሞ ለገዛ ልጁም ከሁለት በላይ አይሰጥ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ነጥብ በራሱ አማካይ ማካፈል! ቸሩም ንፉጉም እኩል ይሆናሉ።
"በአንድ መስመር ጨርሼዋለሁ" አለ።
የሚሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ስም አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው፤ "አር"። እማዬ ፊት ሲጠራው ሳቄ አመለጠኝ።
"ምን ያስገለፍጥሻል? አሥረኛን እንኳ ያልጨረስሽ!" አለኝ።
"አሥረኛ ናት እኔን ያልጨረሰችኝ" አልኩት።

ጥቅምት 8
ለፕሮፌሰሩ ሠራሁለት! ሦስት ቁጥሩ ብስኩት ምድጃ ውስጥ አረረ። የምድጃዋ አለቃ እትዬ ተጣደፉ፤ "አንቺ፣ ቶሎ ሌላ አቡኪልኝ!" አሉኝ። ለእኔ? ሊጥ? ለእኔ!... ስኳር በሚገባበት ጨው። ሙሉ ኩባያ።
ቀማሾቹን በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ዘበኛው ዓይኑ እንባ አቅርሮ አምስት ሰጠ። ዘበኛው! አምስት! ሦስተኛ የተቀመጠው ቋጠሮ አንድ ሰጥቶ ውሃ ለመነ። ሆዴን ይዤ ትሪዎቹ መሃል ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 9
አንደኛ ወጣ። የእኔው ጉድ! ኮምፒውተሩ ነው ያለው።
ሥራ አስኪያጁ አንዱን ገመጡ፣ ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዋጡ። "ደፋር ጣዕም ነው" አሉ። ከነገ ወዲያ አንድ ሺህ ካርቶን ይጋገራል!
ፕሮፌሰሩ ቤት ሲገባ እማዬን ተሸከማት። "እማ፣ አለፍኩ!"
ሳቄ የት ገባ? ያ ብስኩት ሱቅ የገባ ቀን እኮ እሱ ከፋብሪካው ይወጣል...

ጥቅምት 10
ጠዋት ቢሮው ሄድኩ።
"ጋሼ..."
"ጋሼ ስትይኝ እፈራለሁ። ምን አጠፋሽ?"
አጎረስኩት። ተፋው።
"ምንድነው ይሄ? የባሕር ውሃ!"
"አንደኛህ ነው።"
መጀመሪያ እኔን ሊመታኝ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ሊመታ ፈለገ። ነጥቦቹን ከፍቶ አያቸው። ለሦስት ቁጥር ሁሉም የሰጡት ዝቅተኛ ነው። ታዲያ እንዴት አንደኛ?... በጣቱ ረድፍ በረድፍ ተከተላቸው። ድንገት ግንባሩን በመዳፉ ጠፈጠፈ።
እንደገባኝ... ብስኩቶቹ በረድፍ ወደ ጎን፣ ቀማሾቹ በዓምድ ወደ ታች ተደርድረዋል። አማካዮቹ በየረድፉ ወደ ጎን መታደል ነበረባቸው። ማሽኑ ግን ወደ ታች አደላቸው። ስለዚህ የሦስተኛው ብስኩት ነጥብ በሙሉ፣ የዘበኛውም ጭምር፣ በሦስተኛው ቀማሽ በቋጠሮ አማካይ ተካፈለ። በትንሽ ሲካፈል ደግሞ ትልቅ ይወጣል። ንፉጉ ሳያውቀው ቸር ሆነልኝ!
"ማሽኑ 'ኧረ ተው' አይልም እንዴ?"
"አይልም። አምስት ብስኩት፣ አምስት ቀማሽ፤ ቁጥሩ ከሞላለት ዝም ነው።"
ሰንጠረዡን በጎኑ አጋደመው፣ አካፈለ፣ መልሶ አቆመው። ሦስት ቁጥር ጭራ ሆነ። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሊወጣ ተነሳ።
"አብሬህ ልምጣ?"
"አንቺ ትሪሽን እጠቢ!"
አልሰማሁትም። ተከተልኩት። ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ጥቅምት 11
አልተባረረም! ሥራ አስኪያጁ "እኔም ምላሴ ነግሮኝ ነበር" አሉ። ነግሯቸው ነበር እንዴ? ይሁን።
የእኔ ቅጣት ግን... በየቅምሻው አንድ አስቀያሚ ብስኩት እንድጋግር። እሱ ጭራ ካልወጣ፣ ፕሮፌሰሩ ሂሳቡ መታመሙን ያውቃል። ጨውም በፊርማ ተሰጠኝ። በፊርማ! ተንኮል እንዲህ ከተፈቀደ ምኑ ይጣፍጣል?

ኅዳር 12
ለዛሬው ቅምሻ ጨው አልጨመርኩም። ስኳር፣ ቅቤ፣ የሎሚ ልጣጭ... አራት ጊዜ አበላሽቼ በአምስተኛው እጄ ላይ መጣልኝ። አስቀያሚው ነው ብዬ አስገባሁት።
ሁለተኛ ወጣ።
እትዬ እጄን ይዘው አሸተቱ። "ሎሚ! አንቺ ነሽ አይደል?"
እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።
"ከሰኞ ጀምሮ ምድጃው ጋ ነሽ። ትሪውን ሌላ ሰው ይጠብ" አሉ።
ለእማዬ ልንገራት ወይስ ራሷ ከጎረቤት ትስማ?
ፕሮፌሰሩ ምሳም አልበላ። ሰንጠረዡን ያጋድማል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያጋድማል። "የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" እያለ ፀጉሩን ይነጫል። ያሳዝናል...
ነገ እነግረዋለሁ። ወይ ከነገ ወዲያ።