ቁንጫ መጠየቅ የጀመረች ዕለት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ እንባ እየቀደመኝ አቃተኝ። ክፉ ወሬ አይደለም፤ እፎይ ብለህ አንብበው።

ታናሻችን ቁንጫ አሥራ አራት ዓመት ከሞላት ወዲህ እጇ ቶሎ ይነሳ ጀመር። አንዲት የክፍሏን ልጅ፣ አጠገቧ ስለሳቀች ብቻ፣ አፍንጫዋን መትታ አደማቻት። ትምህርት ቤቱ «ከደገመች ትባረራለች» ብሎ ወደ አማካሪዋ ላካት። አክስታችንና እኔም አብረናት ገባን።

«ልጅቷ ለምን የሳቀች ይመስልሻል?» አለቻት አማካሪዋ።

«እኔን ንቃ ነዋ!»

«በምን አወቅሽ?»

«ፊቷ ላይ ያስታውቃል።»

አማካሪዋ አልተቆጣቻትም። አባታችን ይደበድበን እንደነበር ከአክስታችን ሰምታለች። «ልጅ ሳለሽ የሰው ፊት ማጥናትሽ አድኖሻል። አሁን ግን ሁሉም ፊት የአባትሽ እየመሰለሽ ነው። እጅሽ ከመነሳቱ በፊት ጠይቂ» አለቻት። ቁንጫ ትከሻዋን ሰብቃ ወጣች። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ አክስታችን የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳለች ድንገት ጮኸችና ጨርቁን ወረወረችው። ልብስ ትተኩስ የነበረችው ቁንጫ ካውያውን ከፍ አድርጋ ዞረች። ዓይኗ ፈጥጧል።

«አክስቴ... በእኔ ነው የተናደድሽው?» አለች፣ ካውያውን እንደያዘች።

«በአንቺ? እኔን ይድፋኝ! መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ነው እንጂ! ይልቅ ያንን ካውያ አስቀምጪና ፕላስተር አምጪልኝ፤ ደሜ አልቆ ልሞትልሽ ነው።»

ካውያውን አስቀመጠች። የአክስታችንን ጣት ስትጠቀልልላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው አክስታችን ጉያ ገብታ ተንሰቀሰቀች።

ሰኞ ዕለት ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቃ፣ ለምን እንደሳቀች ጠየቀቻት። ለካ ጓደኛዋ በጆሮዋ ቀልድ ነግራት ኖሯል። «ቀልዱ ደግሞ አያስቅም!» ብላ መጣች።

አሁንማ ስለ ሰው ሁሉ እየጠየቀች መቀመጫ አሳጥታናለች። ትናንት ሳህን እያጠብን፣ «አባዬ እየጮኸ ሲመጣ ከፊታችን የሚቆመው ወንድም ጋሼ ነበር አይደል? እሱስ አይፈራም ነበር?» አለችኝ።

«እሱን ራሱን ልጠይቅልሽ» አልኳት። እኛ እኮ የምናየው ጀርባህን ነበር፤ ፊትህን አይተን አናውቅም። ፈርተህ ከነበረ ንገራት፤ አሁን ትረዳሃለች።

የመሃሏ እህትህ