ከማቀዝቀዣዬ በላይ ስላለው ካርድ ክፍል

ለክቡር የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የባለቤቴን የሕክምና ወረቀት ከኮምፒውተሬ አጥፍቼ እንዳሳውቅ ለተጻፈልኝ ደብዳቤ የተሰጠ መልስ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ከወንበር ብዛት ያልደከመ፣ ዓይንዎም ከሚፈለገው ፋይል በስተቀር ሁሉን አጥርቶ የሚያይ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎን አጥብቄ የምመኝልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። የታመመ ሰው ካርድ ማውጣቱ አይቀርም፤ እርስዎን የመሰለ የተከበረ ሰው ደግሞ በእርስዎ መስኮት ፊት ተሰልፎ እንዲያረፍድ አልፈልግም።

እኔ በስልክ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ አናጺ ነው። በር ሲገጥም ዓይኑን ጨፍኖ ክፍተቱን በጥፍሩ ስለሚለካ ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ እኔም በዚሁ ስም ልጥራው። ባለፈው ሳምንት በፊርማዎ በደረሰኝ ደብዳቤ «የተቋሙን ሰነድ ያለ ፈቃድ በግል ቤት አከማችተው በመገኘትዎ» ተብዬ፣ የሚሊሜትርን ወረቀት በአሥር ቀን ውስጥ ከኮምፒውተሬ እንዳጠፋ፣ ከማጥፋቴም በፊት ሦስት ቅጂ አትሜ ለክፍልዎ እንዳስገባ ታዝዣለሁ። ስለ ትእዛዙ ቅደም ተከተል አመሰግናለሁ። መጀመሪያ አጥፊ፣ ቀጥለሽ አትሚ ቢሉኝ ኖሮ እቸገር ነበር።

ይህን ደብዳቤ ሌሎችም ስለሚያነቡት፣ ነገሩን ከሥሩ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ። ቁጥር እንደሚወዱ በመስኮትዎ ላይ ከተለጠፉት አሥራ አራት ማስታወቂያዎች ተረድቻለሁ።

1ኛ. ስለ ጥፋቴ አጀማመር

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሚሊሜትር እዚሁ ሆስፒታል ቡአ ተቀዶ ነበር። ቀዶ ጥገናው አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ እሱ ግን ራሱን ችሎ ለመተንፈስ አራት ሰዓታት ፈጀበት። ጡንቻውን እንዲያዝናና የተሰጠውን መድኃኒት የሌላ ሰው ሰውነት በጥቂት ደቂቃዎች ሲያስወግደው፣ የእሱ ሰውነት አልቻለበትም። ማሽን ሲተነፍስለት ዋለ። ሐኪሙ በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና በአንድ ገጽ ላይ የመድኃኒቱን ስም ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ለዚህ ሰው ዳግመኛ እንዳይሰጥ ብሎ ፈረመ። ገጹ ከፋይሉ ጋር ወደ ክፍልዎ ሄደ። እኔ ከመሄዱ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። የመጀመሪያው ወንጀሌ ይህ ነው።

ሁለተኛው ወንጀሌ የመጣው ከጡረታ በኋላ ነው። የቤታችን ወረቀት በብስኩት ቆርቆሮ፣ በፍራሽ ሥር፣ በሚሊሜትር የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ከመጋዝ ዱቄት ጋር ተበትኖ ይኖር ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጬ፣ መሥሪያ ቤቴ ሊጥለው ከነበረ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የራሴን ፕሮግራም ሠራሁ። ኮምፒውተሩ ወጥ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣው በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ መደርደሪያውን የሠራው ሚሊሜትር ነው፤ ለዚህ ሣጥን የተጨነቅሽውን ያህል ለእኔ ተጨንቀሽ አታውቂም እያለም ይወቅሰኛል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ወረቀቱን ፎቶ አነሳለሁ፣ ከሥሩ ምን እንደሆነና የዚያን ቀን ምን እንደተፈጠረ በሁለት በሦስት መስመር እጽፋለሁ፣ ስፈልገው አንድ ቃል ሰጥቼ አገኘዋለሁ። ወረቀቶቻችን ለማንም ድርጅት አይላኩም፤ ከቤታችን የሚወጣው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን እሱም የሚቀመጠው በሚሊሜትር እህት ቤት ነው።

እንከን የለብኝም አልልም። በመጀመሪያው ዓመት ዲስኩ ተቃጥሎ የሁለት ወር ወረቀት ጠፍቶብኛል፤ ቅጂ ይዣለሁ ብዬ ስከፍተው ባዶ ነበር። ሳለቅስ ያየኝ ሚሊሜትር፣ እሱ መሳቢያ ሠርቶ ስቦ ሳያየው ለሰው አስረክቦ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ቅጂውን ከፍቼ ወረቀቶቹ በእርግጥ መኖራቸውን አያለሁ። አስቀመጥኩት የሚሉትን ነገር ሄዶ ማየት የሚባለውን ይህን እንግዳ ልማድ ለክፍልዎ በአክብሮት አበረክታለሁ።

2ኛ. ስለ ፋይሉ ፍለጋ

ባለፈው ወር ሚሊሜትር ጎኑን ያዘው፤ የሐሞት ጠጠር ነው ተባለና የቀዶ ጥገና ቀን ተቆረጠለት። ሐኪሙም የድሮው ፋይል እንዲቀርብለት አዘዘ። ሦስት ጥዋት መስኮትዎ ፊት ቆምኩ።

በመጀመሪያው ጥዋት ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ስለሆነ ነገ ተመለሽ ተባልኩ። በሁለተኛው ጥዋት ፋይሉ በታላቅ ደስታ ተገኘ። ተከፍቶ ሲታይ የአሥራ አንድ ወር ሕፃን ልጅ ሆነች፤ ተቅማጥ ይዟት የመጣች። ባለቤቴ ስድሳ ሦስት ዓመቱ መሆኑን፣ ጢምም እንዳለው በትሕትና አስረዳሁ። ሠራተኛዎ ቁጥሩ ያው መሆኑን ጠቅሶ፣ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እንዳልሆንኩ ደግሜ እንዳስብበት መከረኝ። አሰብኩበት። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስለኖርኩ እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

በሦስተኛው ጥዋት ፋይል ከሌለ ታካሚው አዲስ ነው ተባለና አዲስ ካርድ ወጣለት። «ከዚህ በፊት በቀዶ ጥገናም ሆነ በመድኃኒት የደረሰ ችግር» በሚለው መስመር ላይ ሠራተኛዎ «የለም» ብሎ ጻፈ። አለ ብዬ ብናገርም በቃል የሚነገር አይመዘገብም አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን ለሰው ስነግር እየሳቅኩ ነው። እዚህች ቃል ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ይቆማል።

3ኛ. ስለ ማስረጃ ምንነት

ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩ ፊት ቆምኩ። «መርፌ» ብዬ ፈለግሁ፤ የስፌት መኪናዬ መመሪያና የውሻችን ክትባት ወጡ። «ቀዶ ጥገና» ስል የአማቴ የዓይን ወረቀት መጣ። በመጨረሻ «አልተነፈሰም» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ገጹ ከነፊርማው ወጣ፤ ከሥሩም ያን ቀን ስልኬ ላይ የጻፍኩት፣ ከፎቶው ጋር ወደ ኮምፒውተሩ ያዛወርኩት፣ መጻፌንም የረሳሁት ማስታወሻ ነበረ፦ «ዛሬ አራት ሰዓታት ሙሉ በራሱ አልተነፈሰም። የኮሪደሩን ንጣፍ ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ነው። መድኃኒቱ ከላይ አለ። እንዳትረሺ።»

አተምኩት፤ በማግሥቱ ለእርስዎ ለራስዎ ይዤ ቀረብኩ። መነጽርዎን አድርገው አዩት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውንም መረመሩ። ክብ ማኅተም የለውም፣ ከግል ኮምፒውተርም የወጣ ነው አሉኝ። ቀጥሎ የተባባልነውን እንዳለ ላስፍረው፤ በሌላ አነጋገር ባቀርበው የሚያምነኝ የለም።

«እመቤት፣ ማስረጃ ማለት እኛ ዘንድ ያለው ነው» አሉኝ።

«እናንተ ዘንድ ግን የለም» አልኩዎ።

«እንግዲያው ማስረጃ የለም ማለት ነው።»

ለዚህ ግልጽ ማብራሪያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሃያ ስድስት ዓመት የተበጠሰ መስመር ስጠግን፣ መስመር ከሌለ ደዋይም የለም ብሎ ወደ ቤት መሄድ እንደሚቻል የነገረኝ አለቃ አልነበረኝም።

4ኛ. ስለ ሰመመን ባለሙያዋ

በቀዶ ጥገናው ዕለት ጥዋት ሚሊሜትር በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ያ «የለም» የተጻፈበት ካርድ እግሩ ሥር ተቀምጦ ወደ ውስጥ ሲገባ በሩ ላይ ቆምኩ። አስተናጋጆቹ ዞር በይ ቢሉኝም አልዞርም ስል፣ የሰመመን ባለሙያዋ ጓንቷን እንዳደረገች ወጣች። ስልኬን ዘረጋሁላት፤ ከወጥ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ ገጹን ከፍቼ ነበር። የተሰመረበትን መስመር አጉልታ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ይህን ማን ነው ያስቀመጠው?» አለች።

«እኔ» አልኳት።

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ስለ ማኅተምም አላነሳችም። ያን መድኃኒት ቀድታ አዘጋጅታው እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ተመልሳ ገብታ ደፋችው፣ በሌላ ተካችው፤ በካርዱ ላይ ያለውን «የለም» በእስክሪብቶዋ ሰርዛ ከጎኑ የመድኃኒቱን ስም በትልቁ ጻፈች።

ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ሚሊሜትር ራሱ እየተነፈሰ ወጣ። ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የተናገረው፣ የአልጋው አንዱ እግር በሦስት ሚሊሜትር እንደሚያጥር ነው። እኔ ንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለዲስኩ ያለቀስሽው አልበቃሽም ወይ ብሎ ገላመጠኝ።

5ኛ. ስለ ታዘዝኩት ትእዛዝ

ሦስቱን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ አራተኛም ጨምሬአለሁ፣ ሦስቱ ከጠፉ በሚል። የሚሊሜትር የድሮ ፋይል ከእነዚህ ቅጂዎች እንደ አዲስ እንደሚሠራና ክብ ማኅተም እንደሚያርፍበት ከሠራተኛዎ ሰምቻለሁ። ከግል ኮምፒውተር የወጣ ነው ተብሎ የተናቀው ወረቀት በእርስዎ ማኅተም ዋና ቅጂ ሲሆን ማየት ለእኔ ትልቅ ሹመት ነው።

ማጥፋቱን ግን አላደርገውም። በአሥር ቀንም በአሥር ዓመትም አላደርገውም። ገጹ ላይ የተጻፈው የባለቤቴ ደም፣ የባለቤቴ ሳንባ ነው፤ ከሥሩ ያለውም የእኔ ፍርሃት ነው። ከእነዚህ የትኛው የተቋሙ ንብረት እንደሆነ በደብዳቤ ቢያስረዱኝ አነበዋለሁ፣ ፎቶም አነሳዋለሁ።

በምትኩ አንድ ነገር ልለምንዎ። በባለቤቴ ቁጥር የተገኘችው ያቺ የአሥራ አንድ ወር ልጅ እናት ይኖራታል። እናቷም አንድ ቀን መስኮትዎ ፊት ቆማ ይሆናል፤ ፋይል የለም፣ ልጅሽ አዲስ ናት ተብላም ይሆናል። እኔ ፎቶ ነበረኝ። እሷ ምን እንደነበራት አላውቅም። እባክዎ ያን ፋይል የወጣበት ቦታ ከመመለስዎ በፊት ባለቤቱን ይፈልጉለት።

የክፍልዎን ትዕግሥት በሦስት ጥዋት መቆም የፈተንኩ፣ ከእርስዎ ጋር ስለ ማስረጃ በመነጋገሬ ዕድሜ ልኬን የምኮራ፣ የመስኮትዎ ታማኝ ደንበኛና የራሷ ካርድ ክፍል ኃላፊ፣ ጸሐፊና ጥበቃ የሆነች፣

የአናጺው ሚስት

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ለሰመመን ባለሙያዋ፣ ከታላቅ ምስጋና ጋር
ለሚሊሜትር እህት (እንደ ልማዳችን እንድታስቀምጠው)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ከመስኮትዎ ጀርባ ከሚቀመጡት ሠራተኞች አንዷ ነበረች፤ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም። የእናቷን የልብ ሕክምና ወረቀቶች በፌስታል አጭቃ ይዛ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ እንዳስገባላት ለመነችኝ። አስገባሁላት። ስንጨርስ ለምን በራሷ ክፍል እንዳላስቀመጠቻቸው ብጠይቃት፣ እየቀለድኩባት እንደሆነ ጠየቀችኝ።