የዝግባ አፋፍ ሚካኤልን ጣሪያ ያተረፉት የአቶ ቢረሳው ተድላ ዕረፍት

በካርቱም ዴም ሰፈር የሚገኘው የዴም ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ለሃያ ሁለት ዓመታት ጸሐፊው የነበሩት አቶ ቢረሳው ተድላ ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቹና በከተማዋ ለሚኖሩ ወገኖች ሁሉ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ማክሰኞ እዚሁ ካርቱም ተፈጽሟል።

ይህ ከመስከረም ወዲህ ማኅበሩ ያወጣው አራተኛው የሐዘን መግለጫ ነው። የቀደሙትን ሦስቱን ያዘጋጁት አቶ ቢረሳው ራሳቸው ነበሩ፤ በሦስተኛው ጊዜ እጃቸው ዝሎ ስለነበር እሳቸው እየተናገሩ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋናዬ ጻፉት። ይህኛውን የሥራ አመራር ኮሚቴው ተረዳድቶ አዘጋጅቶታል። ጉድለት ቢገኝበት ደክሞናልና አንባቢ ይታገሠን።

አቶ ቢረሳው በ1944 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ዝግባ አፋፍ በምትባል መንደር ተወለዱ። ደሴ ተምረው፣ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው የሕንፃ ንድፍ አጠኑ። በ1965 ዓ.ም. ለክረምት ዕረፍት ወደ መንደራቸው በተመለሱ ጊዜ የደብራቸውን ቤተ ክርስቲያን፣ የዝግባ አፋፍ ሚካኤልን፣ ከደጀ ሰላሙ እስከ መቅደሱ ግድግዳ በሜትር ለክተው በደብተር አሰፈሩ። ማንም አላዘዛቸውም። በ1970 ዓ.ም. በፖለቲካ ምክንያት ሲሰደዱ ደብተሩ ከቤት ቀረ፤ ቤቱ ሲፈተሽም ጠፋ። በመተማ በኩል በእግር ወጥተው፣ ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ተቀምጠው፣ በ1972 ዓ.ም. ካርቱም ገቡ። እዚህም ለአንድ ሱዳናዊ የሕንፃ ተቋራጭ ንድፍ ይሠሩ ነበር፤ ያ ሥራ ሲቆም የሰው ቤት ወለል አነጠፉ፣ ቧንቧ ጠገኑ።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበሩ ጸሐፊነት አገልግለዋል። ለኢቃማ፣ ማለትም ለመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ በዐረብኛ የሚጽፉልን፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ፍለጋ በረክሻ፣ በባጃጅ፣ የሚዞሩት፣ ዓርብ ዓርብ እዚህ ተወልደው አማርኛ ለከበዳቸው ልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት እሳቸው ነበሩ።

በ1994 ዓ.ም. ስለ ዝግባ አፋፍ ሚካኤል አሠራርና ታሪክ በማኅበሩ አዳራሽ ንግግር አደረጉ። አሥራ አንድ ሰው ተገኘ፤ አራቱ መሐል ላይ ወጡ። ያን ቀን እንዳስረዱት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሆኖ፣ የውጭው ግንብ ከወንዝ በወጣ ድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በሦስት በር የሚገባበት ነው። ከግንቡ ቀጥሎ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ከዚያ ቅድስቱ፣ መሐል ላይ ባለ አራት ማዕዘን መቅደሱ ይገኛል። ጣሪያውን ከውስጥ የተሸከሙት አሥራ ሁለት የወይራ ምሰሶዎች ናቸው። እያንዳንዱን ምሰሶ አንድ ቤተሰብ እንዳመጣው፣ ከአሥራ ሁለቱም ሦስቱ የእስላም ቤተሰቦች እንደነበሩ ከሽማግሌዎች የሰሙትን ተናገሩ። ከአዳራሹ አንድ ሰው «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ዛሬ ምንም» ብለው መለሱለት።

በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ተሰማ ከዝግባ አፋፍ ስልክ ደወሉላቸው። ማኅበሩ ስልኩን የሰማው በቢሮው ስለተደወለ ነው። ቄስ ተሰማ፣ «ልጄ፣ ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ ጣሪያው ግን በስብሷል። ያለ ምስማር የተሠራ ስለሆነ ፈትቶ መልሶ የሚያስር ሰው ጠፋ። ሰበካ ጉባኤው ከፋሲካ በኋላ እናፍርሰውና በብሎኬት እንሥራ ብሏል» አሉ። አቶ ቢረሳውም፣ «አባቴ፣ እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ። ንድፉን እልክልዎታለሁ» አሉ።

ግንቡንና ምሰሶዎቹን በሁለት ሳምንት ከራሳቸው አውጥተው ሣሉ። ጣሪያው ግን አልሆነላቸውም። ጣሪያው በታደሰበት በ1959 ዓ.ም. እሳቸው ደሴ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ በኋላም ያዩት ከምንጣፉ ላይ ቆመው አንጋጠው ብቻ ነው። የሣሉትን እየቀደዱ፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛው አጠገብ ያለው ቅርጫት ሞላ።

በየካቲት ወር አል-ሳሃፋ በሚባል የካርቱም ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ወይዘሮ ዘሊካ ከቢር የተባሉ እናት የኢቃማ ደብዳቤ ሊያጽፉ ወደ ቢሮው መጡ። አቶ ቢረሳው ቅጹን ሲሞሉ የትውልድ ቦታቸውን ጠየቋቸው። «ዝግባ አፋፍ» አሉ ወይዘሮ ዘሊካ። አቶ ቢረሳው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የከቢር ኦመር። የአናጢው።»

የሚካኤልን ጣሪያ በ1959 ዓ.ም. የሠሩት አናጢ ከቢር ነበሩ። ወይዘሮ ዘሊካ እንዳስረዱት፣ አባታቸው እንጨት ከማስቆረጣቸው በፊት ጣሪያውን በትንሹ ከሸምበቆ ቤታቸው ወለል ላይ ሠርተው ሞክረውታል። እስላም ሆነው ስለምን ለቤተ ክርስቲያን ይደክማሉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። «ጎረቤት ዝናብ እየመታው እንዴት ይተኛል?» ብለው መለሱ። ያ የሸምበቆ ጣሪያ ወይዘሮ ዘሊካ ለሥራ ከሀገር እስኪወጡ ድረስ ቤታቸው ውስጥ ተሰቅሎ ኖሯል።

«መልሰሽ ልትሠሪው ትችያለሽ?» አሏቸው አቶ ቢረሳው።

«ጋሼ፣ ሸምበቆ እዚህ ከየት ይመጣል? ጀሪድ ካገኙልኝ ኢንሻአላህ እሞክራለሁ። ግን ጁምዓ ብቻ ነው የምወጣው።»

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ዘሊካ ለስድስት ዓርብ፣ ሶላታቸውን ሰግደው፣ ከአል-ሳሃፋ በሀፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፍረው እየመጡ፣ ጀሪድ የሚባለውን የቴምር ቅርንጫፍ አጥንት እየሰነጠቁ በልጆቹ ክፍል ወለል ላይ ጣሪያውን ሲያዋቅሩት ቆዩ። አቶ ቢረሳው አጠገባቸው ተቀምጠው ይለኩ፣ ይሥሉ ነበር። ኮሚቴው ክፍሉ በስንጥር ተሞላ፣ ትምህርቱም ተስተጓጎለ ብሎ ቦታው እንዲለቀቅ በቃለ ጉባኤ ወስኖ ነበር። አቶ ቢረሳው ቃለ ጉባኤውን በጸሐፊነታቸው በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጡ፣ ፈረሙ፣ ክፍሉን ግን አለቀቁም። ይህን ዛሬ ስንጽፍ እናፍራለን።

ሁለቱ ከጣሪያው አናት ወደ ግንቡ በሚወርዱት እንጨቶች፣ በወራጆቹ፣ ቁጥር አልተስማሙም። አቶ ቢረሳው ከጉልላቱ ሥር ካለው ቀለበት የሚወርዱት ሃያ አራት ናቸው አሉ። ወይዘሮ ዘሊካ ሃያ ስምንት ናቸው አሉ።

«እኔ ለክቼዋለሁ» አሉ አቶ ቢረሳው።

«እርስዎ ከታች ሆነው ነው ያዩት። እኔ ሲሠራ ከላይ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት።»

ወይዘሮ ዘሊካ እንዳይጣሉ በሃያ አራት ሠሩላቸው። አቶ ቢረሳው በመዳፋቸው ጫን ሲሉት ጣሪያው ተጠማዝዞ በጎኑ ወደቀ። ወይዘሮ ዘሊካ ሙሉውን ፈትተው፣ በተከታዩ ዓርብ በሃያ ስምንት መልሰው አሰሩት። አቶ ቢረሳው በድጋሚ ተጫኑት፤ አልተነቃነቀም። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ነው የኖርኩት» አሉ አቶ ቢረሳው። በክፍሉ የነበርን ሰዎች አቶ ቢረሳው ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ዘጠኝ ገጽ ንድፍ ወደ መተማ በሚሄድ መንገደኛ እጅ ተላከ። ሲደርስ የምዕራቡ በር ግንብ ተነቅሎ ነበር፤ ሰበካ ጉባኤው የተቀጠረውን ቀን አልጠበቀም። ቄስ ተሰማ ንድፉን በሕዝቡ ፊት ዘርግተው ሥራውን አስቆሙ። ጣሪያው በሁለት ዓመት ተፈትቶ፣ የበሰበሰው ተለውጦ፣ በሃያ ስምንት ወራጅ መልሶ ቆመ፤ የተነቀለው ግንብም በዚያው ድንጋይ ተሠራ። ለክዳን የሚሆን ረጅም ሣር በአካባቢው ስለጠፋ በቆርቆሮ ተሸፈነ። የተቀረው ሁሉ ዳነ ብለን እንዳንዋሽ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕሎች ዝናብ አግኝቷቸው ከግማሽ በላይ ጠፍተዋል።

በ2005 ዓ.ም. ፎቶግራፉ ሲደርሳቸው አቶ ቢረሳው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ቆርቆሮው አላማረም። ግን ቆሟል» አሉ።

በዚያው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን ሶባ ወደሚገኘው ሆስፒታል ረጅሙን መንገድ በሀፍላ ይመላለሱ ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት የጠበቁት የጉዞ ሰነድ በ2007 ዓ.ም. ተሰጣቸው፤ ከሕክምናው ግን ከሦስት ቀን በላይ መራቅ አይችሉም ነበር። ልጃቸው ወይዘሪት ዮሳቤጥ፣ «አባዬ፣ አብረን እንሂድ፣ ያላ፣ ቶሎ አይተን እንመለሳለን» ብትላቸውም፣ «ሂጂና አንቺ እዪልኝ። ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል» አሏት። ሰነዱን ሳይጠቀሙበት ዐረፉ።

ማኅበሩ በአቶ ቢረሳው ዕረፍት ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፋናዬ፣ ለልጃቸው ለወይዘሪት ዮሳቤጥ፣ ፊደል ላስቆጠሯቸው ልጆችና ለዝግባ አፋፍ ሚካኤል ደብር አገልጋዮችና ምእመናን መጽናናትን ይመኛል። ቄስ ተሰማ በደብሩ ጸሎተ ፍትሐት እንደተደረገላቸው በስልክ አስታውቀውናል።

ወይዘሮ ዘሊካ በቀብሩ ዕለት ከሥራ ፈቃድ አላገኙም። ለለቅሶ የመጡት ዓርብ ነው። ወይዘሮ ፋናዬን አቅፈው፣ «እትዬ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ መርዶው በስልክ ነው የደረሰኝ፤ የሰው ቤት እየወለወልኩ ነበር። ዕንባዬን ጠርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ዛሬ ለሁለቱም ላልቅስ፣ ይፍቀዱልኝ» አሉ። ወይዘሮ ፋናዬም «አልቅሺ እህቴ፣ ቤትሽ ነው» አሏቸው። እኛም ከድንኳኑ ሳንወጣ ተቀመጥን።

ስለሆነም ማኅበሩ አናጢ ከቢር ኦመር በ1999 ዓ.ም. በዝግባ አፋፍ ማረፋቸውን፣ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ፣ በዚህ መግለጫ ለሕዝብ ያስታውቃል። ለልጃቸው ለወይዘሮ ዘሊካ ከቢርም በወቅቱ ሳይደርሳቸው የቀረውን ሐዘናችንን እንገልጻለን።

የዴም ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
ኅዳር 26 ቀን 2008 ዓ.ም.
ካርቱም