የቆሞ ቀሩ ብስክሌት መምህርት፣ ወ/ሮ አመለወርቅ ታከለ (1955–2010 ዓ.ም.)

ወ/ሮ አመለወርቅ ታከለ ከአባታቸው ከአቶ ታከለ መኮንን እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ይርዳው ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በእንፍራንዝ ከተማ ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ሁሉ በሕፃንነታቸው አልፈው ስለነበር እናታቸው ያሳደጓቸው እጃቸውን ከልጃቸው ደረት ሳያነሡ ነው። ልቧ መምታቱን ካልሰማሁ ዓይኔ አይከደንም ይሉ ነበር። በዚያ ቤት ፍርሃት እንደ ቤተሰብ አብሮ ይበላ ነበር፤ ወ/ሮ አመለወርቅም ከጡት ጋር ጠጥተውታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃን በእንፍራንዝ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር ከተማ አጠናቀቁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1975 ዓ.ም. በአይከል የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆኑ። ሴት ልጅ ፊሽካ ነክሳ ስትሮጥ ማየት ለአገሩ አዲስ ነገር ነበርና አንድ ሽማግሌ አጥር ተደግፈው ሲመለከቷቸው ቆይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ማን አሳደደሽ?» ቢሏቸው፣ «ማንም፣ አያ፤ የማሳድደው እኔ ነኝ» ብለው አልፈዋል። ሽማግሌው በማግሥቱ የልጅ ልጃቸውን አስመዘገቡ።

በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ባህሩ ደስታ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ባህሩ ብረት በያጅ ናቸው፤ የዚህችን የጎንደር ከተማ ግማሽ በርና መስኮት የበየዱት እርሳቸው ናቸው ቢባል የሚቆጣ የለም። ባልና ሚስቱ በ1983 ዓ.ም. ጎንደር ኑሯቸውን አደላድለው አቶ ሀዳነን እና ወ/ሪት ትብለጥን ወልደው አሳደጉ።

በ1995 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ሐኪም፣ ባለችበት ቆማ የምትነዳ የስፖርት ብስክሌቱ ተሰብራበት አቶ ባህሩን አስጠራ። አቶ ባህሩ ጠገኑለት፤ ሲጠግኑም አሠራሯን በዓይናቸው ሰረቁ። ከዚያ የተጣሉ የቻይና ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ የኋላ ጎማቸውን ከመሬት አነሡ፤ በብሎን የሚጠብቅና የሚላላ የቆዳ ፍሬን ገጠሙላቸው። ሰፈሩ ቆሞ ቀር ብስክሌት ብሎ ሳቀ። ወ/ሮ አመለወርቅ ግን ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል መጋረጃ ሰቅለው ለሴቶች ብቻ ትምህርት ጀመሩ። በመንገድ ላይ ብስክሌት የነዳች ሴት ተሰድባ ቤቷ በምትገባበት ከተማ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለ ብስክሌት ነጻነት ነበር። የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት ሴቶች መጡ።

አስተማሪነታቸው እንዲህ ነበር። ሁሉም ኮርቻ ላይ ከወጣ በኋላ በሐሳብ ከወለቃ ይነሡና አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ እያሉ መንገዱን ይጠራሉ። ሜዳ ሲሉ ብሎኑ ይላላል፣ ዳገት ሲሉ ይጠብቃል። ሊማሊሞን ቁልቁል ካወረዷቸው በኋላ መልሰው ሽቅብ ያወጧቸዋል፤ ከዚያ መቅረት አይፈቀድም። ሲያበቃ ሁለት ጣታቸውን በእያንዳንዷ አንገት ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት ሳይነቅሉ የልብ ምቷን ይቆጥራሉ፤ ጥቂት አሳርፈው ደግመው ይቆጥራሉ። ልብሽ ቶሎ ወደ ቤቷ ከገባች በርትተሻል፣ ውጭ ውላ ካመሸች ገና ነሽ ይሉ ነበር። በየሦስት ወሩ የፊተኛውን ቁጥር ከኋለኛው ያስተያያሉ፤ ያልተሻላት ካለች ስሕተቱን ከራሳቸው ይፈልጋሉ እንጂ አይሸነግሏትም። የኪሎ ሚዛን እንዲገዙ ሲለመኑ፣ ሚዛን የበርበሬ ነው ብለው እምቢ አሉ። ደም ግፊታቸው የወረደላቸው፣ ዳገት ሲያዩ ይመለሱ የነበሩና አሁን ጭነት ይዘው የሚወጡት ሴቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ።

መከራው የመጣው ከዚሁ ፍሬ ነው። መንገደኛው የልብ ምት አይሰማም፤ የሚያየው ወገብ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ የከሳ ሰው ሁሉ «በሽታው» ይዞታል ይባል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የረሳችሁ ካላችሁ ይመቻችሁ። ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎልታ ቀጠን ያለችው የነጋዴው የአቶ አብዱልመናን ልጅ ፈህሚያ ነበረች። ለሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ቤተሰብ ታጭታ ነበርና አማቾቿ መጥተው ሲያዩዋት ፊታቸው ተለወጠ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ሳይወጣ፣ አመለወርቅ ቤት የሚሰበሰቡት ቫይረሱ ያለባቸው ናቸው የሚለው ወሬ ከአራዳ እስከ አዘዞ ደረሰ።

ፈህሚያ ከኮርቻዋ ሳትወርድ አንድ መላ አመጣች። ሁላችንም እንመርመር፣ ወረቀታችንን በሩ ላይ እንለጥፈው፣ ያወራ ይፈር አለች። ሁሉም ደስ አላቸው። ዝም ያሉት ወ/ሮ ባንቺአየሁ ብቻ ነበሩ። ቅመም ነጋዴዋ ባንቺአየሁ ደልደል ያሉ፣ ፊታቸው የሚያበራ፣ ማንም በክፉ ያልጠረጠራቸው ሴት ናቸው። ቫይረሱ በደማቸው የነበረባቸው ግን እርሳቸው ናቸው። ሐኪም ስፖርት እንዲሠሩ መክሯቸው ትምህርቱን ሲጀምሩ ለወ/ሮ አመለወርቅ ብቻ ነግረው ነበር። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ትንንሾች ናቸው፣ የሚበሉት ከዚያው ከገበያ ነው። የታመመች ሴት የነካችውን ቅመም የሚገዛ ያን ጊዜ አልነበረም።

ወ/ሮ አመለወርቅ የያዛቸው ጭንቅ ይህ ነው። ወረቀቱ ቢለጠፍ አንዲት ወረቀት ትጎድላለች፤ የጎደለችው ማን እንደሆነች ለማወቅ ከተማው ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም። ባይለጠፍ የሁሉም ስም፣ በተለይም የፈህሚያ ትዳር፣ ይሄዳል። ባንቺአየሁን ሳያዩ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ «እኔ አልመረመርም፤ የማስተምራችሁ እኔ ሳልመረመር ደግሞ እዚህ በር ላይ አንድም ወረቀት አይለጠፍም» አሉ።

ፈህሚያ ኮርቻዋን በጥፊ መትታ ወረደች። «እንግዲያስ የታመሙት እርስዎ ነዎት እትዬ። እኛን መሸሸጊያ አደረጉን» ብላቸው ወጣች። ወ/ሮ አመለወርቅ የፈህሚያን ብስክሌት ብሎን አላልተው መንገዱን መጥራት ቀጠሉ። አለመከራከራቸው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ተማሪዎቹን ትቶ በእርሳቸው ላይ ሰፈረ፤ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ፈህሚያ ከእጮኛዋ ጋር ተመርምራ በወጉ ተዳረች፤ ለብዙ ዓመታት ግን በደጃቸው ስታልፍ መንገድ ትቀይር ነበር።

አቶ ባህሩ ምክንያቱን አያውቁም ነበርና ቤታቸው ውስጥ እሳት ገባ። ምነው አመለ፣ እኔንስ ፈራሽኝ ወይ አሏቸው። ወ/ሮ አመለወርቅ እጃቸውን ይዘው አዘዞ ወሰዷቸውና አብረው ተመረመሩ፤ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ተገኙ። አቶ ባህሩ ወረቀቱን ይዘው አደባባይ ሊወጡ ሲነሡ ወ/ሮ አመለወርቅ ተቀብለው ቀደዱት። «ይቺ ወረቀት እኔን ታነጻለች፤ ሌላ ሰው ግን ትገድላለች። ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ» አሏቸው። አቶ ባህሩ አልጠየቁም። እድር ላይ ሲተረቡ ዝም አሉ፤ የሚበየድ ብረት የሚያመጣ ሰው ሲቀንስም ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ባል ለሁሉም አይሰጥም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ጽዋ ተራ የወ/ሮ አመለወርቅ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ማኅበርተኛው ገባ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ጠላውን ግን የነካው ጥቂት ነው። ዋንጫ ከቤታቸው ይዘው የመጡም ነበሩ። እዚህ ከቆማችሁት መካከል ያን ቀን ዋንጫ በነጠላ ሸፍናችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ስማችሁን አንጽፍም፤ እርሳቸውም አንድ ቀን አልጠሩትም። እንግዳ ከወጣ በኋላ ግን ጋኑን ተደግፈው ማልቀሳቸውን፣ ማልቀሴን ለማንም አትንገሩ ማለታቸውን ልጆቻቸው ያስታውሳሉ፤ ለካ ባንቺአየሁ ሰምተው ምሥጢራቸውን እንዳያወጡ ፈርተው ነበር።

ትምህርቱ ግን አልተዘጋም። የቀሩት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑም ሊማሊሞ እየወረዱ ወጡ። ዘመኑ እየተሻለ፣ መድኃኒቱም እየተዳረሰ ሲሄድ ሴቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ በ2002 ዓ.ም. ክፍሉ እንደገና ሞላ። ከይቅርታ ጋር የመጣ አልነበረም። እርሳቸውም አልጠበቁም፤ ሁለት ጣታቸውን በሴቶቹ አንገት ላይ አድርገው መቁጠር ጀመሩ።

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወ/ሮ አመለወርቅ የጨጓራ ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ሥጋቸው ከላያቸው ሲረግፍ ያ የድሮው ሹክሹክታ ተመለሰ፤ ድሮም ብለን ነበር የሚሉ ተገኙ። በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ባንቺአየሁ መጡ። ፈህሚያም ያን ቀን በሽተኛ ልትጠይቅ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ባንቺአየሁ በሁላችንም ፊት የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ።

ወ/ሮ አመለወርቅ ከትራሳቸው ቀና ለማለት ታገሉ። ዝም በይ፣ እኔ ሟች ነኝ፣ ስሜ ምን ያደርግልኛል፣ ያንቺ ግን ገና ገበያ ይወጣል አሏቸው። ባንቺአየሁ፣ «ገበያውን እኔ እችለዋለሁ እትዬ። ልጆቼን በእርስዎ ስም አሳድጌ፣ እርስዎን ከነሐሜትዎ አፈር አላለብስም» ብለው እውነቱ በቀብሩ ላይ እንዲነበብ ቤተሰቡን አስማሉ። ይህም በፈቃዳቸው፣ በስማቸው የተጻፈው ስለዚህ ነው። ፈህሚያ ከብርድ ልብሱ በታች የወ/ሮ አመለወርቅን እግር አቅፋ እስኪመሽ ተቀመጠች። ወ/ሮ አመለወርቅ በዚያ ቀን አልተደሰቱም። ባንቺአየሁ ከወጡ በኋላ፣ ልጆቿን ማን ይሰድብብኝ ይሆን እያሉ ሲጨነቁ ዋሉ፤ ጭንቀቱም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

ወ/ሮ አመለወርቅ ታከለ በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ሐሙስ ግንቦት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ባህሩ ደስታን፣ ልጆቻቸውን አቶ ሀዳነን እና ወ/ሪት ትብለጥን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ እንደ ልጅ ያሳደጓትን የታናሽ እህታቸውን ልጅ እንዲሁም በርካታ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ዓርብ ግንቦት 10 ቀን በጎንደር ፊት ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ወ/ሮ ባንቺአየሁ ይህ ሲነበብ ከአቶ ባህሩ ጎን ቆመዋል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ እንደ ልማዳቸው ቅመማቸውን ይዘው ገበያ ይወጣሉ። ቤተሰቡ ከልቅሶው ይልቅ የፈራው ነገን ነው። ዛሬ ያለቀሳችሁ ሁሉ፣ የወ/ሮ አመለወርቅን ለቅሶ በእውነት የደረሰው ማን እንደሆነ ነገ በባንቺአየሁ መደብ ፊት ይታያል።

የሰውን ምሥጢር በገዛ ስማቸው ሸፍነው የኖሩትን እናታችንን፣ ልብን የሚመረምር አምላክ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀሩት መጽናናትን፣ ለአንደበታችንም ልጓምን ይስጠን። አሜን።