በር ላይ የቀረ የግጥም መልስ

ቀን፦ ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለዥረት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አቃቂ ቃሊቲ

ግልባጭ፦ ለሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ጡረተኛው ባለቤቴ አቶ ተክሌ ወልደሰንበት በሠራተኞች ክበብ ግጥም እንዲጫወቱ በሩ እንዲከፈትላቸው ስለማመልከት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉዳዩን አንብበው ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም። ግጥም ለመጫወት አቤቱታ ይጻፋል ወይ ይሉ ይሆናል፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋም ይህንኑ ብለውኛል። ነገሩ ግን አንድ ሰው ይናገር ወይስ ዲዳ ሆኖ ይቅር የሚል ነውና እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ባለቤቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚህ ፋብሪካ በማበጠሪያ ክፍል ሠርተው፣ ፋብሪካው ወደ ግል ከመዛወሩ ትንሽ ቀደም ብሎ በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው አያውቅም። በቃል አንድ ጊዜ ተገሥጸዋል፤ እሱም በፎርማኑ ላይ ግጥም ገጥመው፣ ፎርማኑ ራሱ በሳቅ ሲንፈራፈር ማሽን ቆሞ ስለነበር ነው።

2. ስለ ጨዋታው ላስረዳ፤ እርስዎ ለግቢው አዲስ ስለሆኑ አልነገሩዎት ይሆናል። የማበጠሪያ ማሽን ጩኸት ሰው ከሰው አያነጋግርም። ስለዚህ የዚያ ክፍል ሰዎች ቀኑን ሙሉ በሆዳቸው ይዘውት የዋሉትን ፈረቃ ሲለወጥ ክበቡ ውስጥ ያወጡታል። አንዱ የግጥሙን መነሻ ይጥላል፤ ሌላው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በዚያው ቤት መምታት አለበት። መልስ ያጣ ሰው አግዳሚው ላይ ለተቀመጠው ሁሉ ሻይ ያዛል። ጨዋታው ሕግ አለው። የሰው እናት አይነካም፣ የሞተ ሰው አይነካም፣ ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም። በ97ቱ ምርጫ ሰሞን የሰው ሁሉ አፍ ሲያሳክከው «ፖለቲካ ከበር ውጭ» የሚለውን ሕግ የጨመሩት ባለቤቴ ራሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው የጥበቃ ክፍል ኃላፊው ጨዋታውን «ስብሰባ» ብለው ስለጠሩት ነው። ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሆነ እንዲመለከቱት አንዱን ልጥቀስ፤ ስለ ሠራተኛው ሰርቪስ የተባለ ነው። መነሻው የጓደኛቸው የአቶ ቀናው፣ መልሱ የባለቤቴ ነው፦

ሰርቪሱ ደካማ፣ ዳገት ሲያይ ያዛጋል፤
ወርደን ስንገፋው ግን፣ ቁርስ ደሞ ይፈልጋል።

በዚህ የሚገለበጥ ነገር ቢኖር የሻይ ብርጭቆ ብቻ ነው።

እኔ ገጣሚ አይደለሁም። ከገጣሚ ጋር መኖር ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ሳሙናው ከዓይናቸው ሳይወርድ አንድ ነገር ይሉኛል። ማታ ጫማቸውን ሳያወልቁ የዕለቱን ይነግሩኛል፤ ራታቸው ሊቀዘቅዝ ይችላል እንጂ ግጥሙ አይቀዘቅዝም። የጎረቤት ዶሮ፣ የቀበሌ ስብሰባ፣ የወጡ ጨው፣ ሁሉም ተገጥሞበታል። እኔም አልቀረሁም፦

አዲስ ጫማ ገዝታ፣ ቤቱን ትዞራለች፤
እግሯን ሲያማት ደሞ፣ እኔን ትቆጣለች።

ያን ዕለት አኩርፌ ማድቤት ገባሁ። ማድቤት ሆኜ ግን ሆዴን ይዤ ስስቅ ነበር። ጌታዬ፣ እኛ ቤት ደስታ በዚህ መንገድ ነበር የሚገባው፤ ሌላ ሀብት አልነበረንም።

3. ዘንድሮ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ባለቤቴ ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁ። ሆስፒታል ስናደርሳቸው የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው ተባልን። እግራቸው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እጃቸውም እንደ ነገሩ ይሠራል። አንደበታቸው ግን አልተመለሰም። ይሰማሉ፣ ነገሩ ይገባቸዋል፤ ውኃ ማለት ግን አይችሉም። ሲጠማቸው ጣሳውን ያሳዩኛል። ጣሳው ከቦታው ከተነሣ ምን እንደፈለጉ ሳላውቅ ቤቱን እየዞርኩ ዕቃ ሁሉ አነሣላቸዋለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ደክሞን እንቀመጣለን።

4. በጥምቀት ሰሞን ከላይ የጠቀስኳቸው አቶ ቀናው ቤት መጡ። በአንድ ማሽን ላይ አብረዋቸው የሠሩና እስካሁን በሥራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። «እዚህ ተቀምጦ ይሻግታል፤ ነገ ክበብ አምጪው» አሉኝ። በማግስቱ የባለቤቴን ክንድ ይዤ ወሰድኳቸው። ያን ጊዜ በሩ ላይ የነበሩት የቀድሞ ጥበቃ ስለሚያውቋቸው ብድግ ብለው አስገቧቸው። ባለቤቴ በድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ እኔም ለዚህ ነው ወይ ያመጣኋቸው ብዬ ተቆጨሁ። አቶ ቀናው ግን ከንፈር መምጠጥ አይወዱም። ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው እንደ ወትሮው መነሻ ጣሉ፦

ተክሌ እኮ ዝም አለ፣ የት ሄደ አንደበቱ?

ባለቤቴም ወዲያው፣ ሳያንገራግሩ፣ በዚያው በማውቀው ድምፅ፦

ቀናው ተውሶት ነው፣ ሊያወራ ለሚስቱ!

ክበቡ በሳቅ ተናጋ። አቶ ቀናው በሚስታቸው ፊት ዝምተኛ መሆናቸውን ግቢው ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። እኔ የክበቡ በር መቃን ላይ ተደግፌ ሰማሁ። የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ ሐኪም ስጠይቃቸው፣ ተራ ንግግር የተዘጋበት ሰው ዜማና ግጥም ሊወጣለት እንደሚችል፣ በሚወጣበት በኩል እንዲወጣና እንዳይቋረጥ ነገሩኝ። የሰጡኝን ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

5. ከዚያ ወዲህ ክበቡ ለባለቤቴ ሕክምና፣ ለእኔም አስተርጓሚ ሆነልኝ። አንድ ሰሞን ምግብ አልበላ አሉ። ሆዳቸውን ዳሰስኩ፣ ግንባራቸውን ዳሰስኩ፣ ጠበል ወሰድኳቸው፤ ምንም አልተገኘም። ለአቶ ቀናው ነገርኳቸው። እሳቸውም ክበብ ውስጥ በባለቤቴ ቦታ ሆነው እንዲህ ብለው ጣሉላቸው፦

ሆዴ ነው፣ እግሬ ነው፣ ወይስ ደሞ ራሴ?

መልሱ ወዲያው መጣ፦

አንዱም አላወቀ፣ የታመመው ጥርሴ!

በማግስቱ ጥርሳቸው ተነቀለና ምግብ በሉ። እንግዲህ እንዲህ ነበር የምንኖረው። ጎረቤቴ «ባልሽ ምን ሆኑ?» ስትለኝ «ፈረቃው ይለወጥና እነግርሻለሁ» እል ነበር።

6. በመጋቢት ወር ግቢው ለሚሌኒየሙ ይጸዳ፣ ይቀባ ተባለ። የጥበቃው ሥራም ለሌላ ድርጅት ተሰጠ፣ ባጅ የሌለው አይግባ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ይህ የድርጅቱ መብት ነው፤ አልከራከርም። ከዚያ በኋላ እንደ ልማዳችን ክበብ ለመግባት ስንመጣ በሩ ላይ የነበረው ኦልጅራ የሚባለው ጥበቃም ሥራውን ነው የሠራው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን እንደ እግዜር ፈቃድ ይሁን እንደ ዕድላችን ክፋት፣ ጮክ ብሎ የተናገረው ነገር እንዲህ የሚል ነበር፦

ወረቀት የሌለው፣ በር ማለፍ አይችልም!

ባለቤቴ ይህ መነሻ መሰላቸው። የተጣለን መነሻ ደግሞ ሳይመልሱ አልፈው አያውቁም። በዚያው ቅጽበት የወጥ ቤቱ ውሻ በኦልጅራ እግር ሥር ሾልኮ ሲገባ አዩና መለሱ፦

ውሻው ሲገባ ግን፣ ማንም ምንም አይልም!

ለመግባት ተሰልፎ የነበረው ሠራተኛ ሁሉ ሳቀ። ኦልጅራ በሰው ፊት እንደተዋረደ ቆጠረው፤ አልፈርድበትም፣ ማንስ ቢሆን። የጥበቃ ክፍል ኃላፊው መጥተው «ድርጅቱን በአደባባይ የሰደበ» ብለው በቃለ ጉባዔ አሰፈሩና ባለቤቴ ወደ በሩ እንዳይጠጉ ታገዱ። ስለ ውሻው እኔ በእሳቸው ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሳቸው ራሳቸው ይቅርታ ይበሉ ከተባለ ግን የይቅርታውን መነሻ የሚጥልላቸው ሰው ያስፈልጋል።

7. ለሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋ ለወ/ሪት እየሩሳሌም አመልክቼ ነበር። በአክብሮት አስተናግደውኛል። «ጓደኞቻቸው ቤት መጥተው ለምን አይጫወቱም?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ይህን ያላሰብኩ መስሏቸው ነው። ጓደኞቻቸው አንዱ ከቂሊንጦ፣ አንዱ ከዱከም የሚመላለሱ ሰዎች ቢሆኑም መጥተዋል። ብርቱካን ይዘው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። በሽተኛ ጥየቃ መጥቶ በሽተኛውን በግጥም የሚነካ ሰው ከየት ይገኛል? አቶ ቀናው እንኳ መነሻ ሊጥሉ ሞክረው መሀል ላይ ተዉት። ባለቤቴ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔም በበኩሌ «ውኃ ልስጥህ ወይስ ሻይ ልስጥህ» ብዬ ጣልኩላቸው። ፎርማን የተቀደደ ብርድ ልብስ እንደሚያይ አዩኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምቱ የተሰበረ ግጥም አሳልፈው አያውቁም፤ የእኔ ደግሞ ምቱ ይሰበራል። ያ ጨዋታ የሚሆነው በዚያ አግዳሚ ላይ፣ ከሥራ በወጣ ሰው ጫጫታ መካከል፣ ተሸንፎ ሻይ ማዘዝ ባለበት ቦታ ነው። ከታገዱ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣቸውም። መጀመሪያ ጣሳውን ያሳዩኝ ነበር፤ አሁን ይህንንም እየተዉት ነው። የምፈራው በሩ እስኪከፈት የእሳቸው አንደበት ለዘለዓለም እንዳይዘጋ ነው።

8. አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ። ቤት ውስጥ አንተ የምለውን ሰው እሳቸው እያልኩ ይህን ልጽፈው አልችልምና እዚህ ላይ እሱ ብል ይቅር ይበሉኝ።

ከታመመ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እጄን ይይዛል፣ ያየኛል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አይወጣም። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለአቶ ቀናው በፋሲካ ማግስት ነገርኳቸው። እሳቸውም «ቆይ፣ በስምሽ ቤት የሚመታ መነሻ እሠራለሁ» ብለው ሠሩ። በሩ ዝግ ስለሆነ ባለፈው ዓርብ ፈረቃ ሲለወጥ ተክሌን ይዤው በአጥሩ በኩል ሄድኩ። አቶ ቀናው ከውስጥ መጥተው በሽቦው መካከል ጣሉለት፦

ክንዴን ይዘሽ ያለሽ፣ ምርኩዝህ ነኝ ብለሽ…

ተክሌ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ በራ። አፉን ከፈተ። በዚህ መካከል ጥበቃዎች እየሮጡ መጡና «ከአጥሩ ራቁ! ተነሡ ከዚህ!» ብለው ጮኹ። አቶ ቀናውን ወደ ውስጥ ወሰዷቸው፤ ለዚህም ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈባቸው ሰምቻለሁ። የተክሌ አፍ ትንሽ ተከፍቶ ቆየና ተዘጋ። ያንኑ መነሻ መንገድ ላይ እኔ ደገምኩለት፣ ቤትም ገብተን ደገምኩለት። እንባውን አፈሰሰ እንጂ አልመለሰም።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ባለቤቴ ፈረቃ ሲለወጥ ለአንድ ሻይ ጊዜ ያህል ክበብ እንዲገቡ ይፍቀዱልኝ። ባጅ ያስፈልጋል ከተባለ ይሰጣቸው፤ ይፈተሹ ከተባለ ይፈተሹ። ኦልጅራም ከፈለገ አብሮ ይቀመጥና መልስ ሲያጡ ሻዩን ይጠጣባቸው። በአቶ ቀናው ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያም እንዲነሣላቸው እለምናለሁ፤ ጥፋት ካለ የእኔ ነው፣ ወደ አጥሩ የወሰድኩት እኔ ነኝና። ይህ ሁሉ አይሆንም የሚሉኝ ከሆነ ለአንድ ቀን ብቻ ይፍቀዱልኝ። እኔ ክበቡ ውስጥ አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

ስሜን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። እኔ ብጽፈው ግን ምን ያደርግልኛል፤ እሱ ሲለው ነው መስማት የምፈልገው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አቻምየለሽ